እማዬ የሠራችው ፊልም

እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ውስጥ አትገባም ነበር። ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ ከአጥሩ አጠገብ ካለችው ጽድ ሥር ትቆማለች። ዝናብ ቢመጣ ነጠላዋን ትከናነባለች እንጂ ንቅንቅ አትልም። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነኝ፤ ዛፏን ስለምትወዳት ይመስለኝ ነበር። አንድ እሁድ እንዲያውም ደስ ይላታል ብዬ ከጽዷ ትንሽ ቅርንጫፍ ቀንጥሼ ቤት አመጣሁላት።

"ይሄ ምንድነው?" አለችኝ።

"የምትወጃት ዛፍ ናታ።"

ቅርንጫፏን ከእጄ ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። ለረጅም ሰዓት አልወጣችም። ቦታ እየፈለገችላት ነው ብዬ ጠበቅኩ።

አሁን ልጅ አይደለሁም። እማዬ ለአንዲት ሴት መንገር ያለባት አንድ ነገር ነበራት። የንስሐ አባቷ፣ "መጀመሪያ ሄደሽ ለእሷ ንገሪያት፤ ከዚያ ወደ እኔ ነይ፤ እግዚአብሔር መሐሪ ነው" ብለዋታል። እሷ መንገሩ አቃታት። ሳትነግር ደግሞ መግባቱን ፈራች። እንደዚያ ሆና ነው ጽዷ ሥር የቆመችው፤ እኔ አድጌ እስክጨርስ ድረስ።

ነገሩ የመጣው ዱሬቲ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ በገባች ጊዜ ነው።

አባቴ ካረፈ ወዲህ እማዬ የጓሮውን ሰርቪስ ታከራይ ነበር። ዱሬቲ የጊንጪ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ተምራ፣ እዚያው ትንሽ ሠርታ፣ አንድ ትልቅ የድሮ ፊልም ማሳያ ማሽን በጋሪ አስጭና አምቦ መጣች። "ፊልም ሠሪ ነኝ" አለች። ሰፈሩ ፊልም ሲባል የሚያውቀው ሰርግና ጥፊ ነው። የእሷ ፊልም ሰውም ታሪክም የለውም። የፊልም ጥቅል ላይ ቅጠል ትደረድርና ፀሐይ ላይ ትዘረጋዋለች። ሌላውን የአምቦ ውሃ ውስጥ ነክራ ታሳድረዋለች፣ ጋዙ ምን እንደሚያደርገው ልይ ብላ። የመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳችን ላይ ስታሳየን ጎረቤት ሁሉ በርጩማ በርጩማውን ይዞ መጥቶ ነበር። ነጠብጣብ ነው ያየነው፤ እየፈላ የሚወጣ፣ እየፈነዳ የሚጠፋ።

ኦቦ ኤጄታ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ትዕግሥት የላቸውም።

"ተዋናዩ መቼ ነው የሚወጣው?" አሉ።

"ተዋናዩ ውሃው ነው፣ ኦቦ ኤጄታ።"

"ውሃውንማ ጠርሙሱን በከፈትኩ ቁጥር አየው የለ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዱሬቲም ሳቀች። እማዬ "ያንቺ እብደት" ነበር የምትለው ሥራዋን፤ ግን ትወዳት ነበር። ዱሬቲ የእኛን ጾም አትጾምም፤ ሆኖም በጾም ቀን ግቢያችን ውስጥ ሥጋ ቀቅላ አታውቅም። እማዬ ይሄን ሳትናገር ቆጥራላታለች። ሽሮ ስትሠራ ለእሷም ትጨልፍላት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዱሬቲ የሰፈሩን ልጆች ግቢያችን ውስጥ ትሰበስብና ታስተምራለች። ለእኛ ለትንንሾቹ መርፌና ብርሃን ያቃጠለው ጥቁር ፊልም ትሰጠናለች፤ እየጫርን ዶሮ እንሠራለን፣ ፀሐይ እንሠራለን። ከሁሉ የምወደው ግን በረኪናውን ነበር። ጥጥ በስንጥር ጠቅልላ በረኪና ትነክርና ጥቁሩ ላይ ጠብ ታደርገዋለች። በረኪናው ጥቁሩን ይበላዋል። ቦታው ብርሃን ይሆናል።

"ይኸው፣ ኮከብ ሠራችሁ" ትለናለች።

እማዬ ልብስ እያሰጣች፣ "በረኪናዬን ጨረሳችሁት እኮ! ለአንሶላ ነው የገዛሁት፣ ለኮከብ ነው?" ትላለች። ትላለች እንጂ ቆማ ታይ ነበር። በረኪና ሥዕልን እንደሚበላ እዚያው፣ ልብስ መስጫው ሥር ነው የተማረችው።

ከትልልቆቹ ልጆች መሀል ወንድሜ ቃለአብና ጓደኛው ቶሌራ ነበሩ፤ ሁለቱም አሥራ አንደኛ ክፍል። ቶሌራ የአዴ ወርቅቱ ልጅ ነው። አዴ ወርቅቱ ጤና ጣቢያ ክትባት ስለምትወጋን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይፈራታል፤ ቶሌራ ብቻ አይፈራትም። የጫማው ክር ሁልጊዜ እንደተፈታ ነው፤ መሬት ለመሬት ይጎተታል። እሷ ከበሯ ላይ ሆና፣ "ያ ቶሌራ! ክርህን እሰር! ጥርስህን ለቅመህ ትመጣለህ!" ትለዋለች።

"አስሬው ነበር እኮ እማ። ተፈታ።"

"በራሱ?"

"በራሱ!"

በዚያ ዓመት ዓቢይ ጾም ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ዱሬቲ ትልልቆቹን ይዛ ከግቢ ወጣች። ካሜራዋን ይዛለች። እኔም ልሂድ ብዬ አለቀስኩ። "ትንሽ ነሽ፣ መኪና አለ" ተባልኩ። ሲመለሱ አቧራ ለብሰው፣ እርስ በርስ እየተገፋፉ፣ እየሳቁ ነበር የመጡት። ምን ሲሠሩ እንደዋሉ ግን ማንም አልነገረኝም። ዱሬቲ ፊልሙን ክፍሏ ውስጥ በመድኃኒት አጠበችና ሽቦ ላይ እንደ ልብስ ሰቀለችው።

ከፋሲካ በኋላ ያ ተማሪው ሰልፍ የወጣበት፣ ጥይት የተተኮሰበት ሚያዝያ መጣ። የአምቦ ሰው የትኛው ሚያዝያ ብሎ አይጠይቅም።

እኔ የማስታውሰው ድምፅ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የሚበትን ሰው ዓይነት ድምፅ። እማዬ አልጋ ሥር ከተተችኝ። ቃለአብ በጓሮው አጥር ዘልሎ ገባ፤ አንዱ እጅጌው ተቀድዷል። ቶሌራ የት እንዳለ ስትጠይቀው፣ "ተለያየን" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዱሬቲ በዚያ ሰሞን ደንዲ ያሉ ልጆችን ልታስተምር ሄዳ፣ መንገድ ተዘግቶ ጊንጪ ቀርታለች።

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ በአጥር ላይ ያወራሉ።

"ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው አሉ።"

"ፎቶ ያገኙበትን ይዘውት ነው የሚሄዱት አሉ።"

"የማን ልጅ ሮጠ፣ የማን ልጅ እጁን አነሳ፣ ከፎቶ እያዩ ነው አሉ።"

እማዬ ዞር ብላ የዱሬቲን ክፍል አየች። ከዚያ ትርፉን ቁልፍ ከጓዳ አመጣች።

ተከትያት ገባሁ። ፊልሙ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሏል። እማዬ አንዱን አወረደችና በሩ ላይ ቆማ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ጫፉን ይዛ ቀስ በቀስ በጣቶቿ መሀል እያሳለፈች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ውዳሴ ማርያም እየደገመች መሰለኝ።

"እማዬ፣ ምን ይታያል?"

"ዝም በይ።"

ሁሉንም አወረደች። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ጓሮ አወጣችና በረኪናውን በጄሪካኑ ሙሉ ገለበጠችበት። ፊልሙን ዘፈዘፈችው።

ያን ጊዜ ያደረብኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም። እማዬ፣ እብደት እያለች የምትስቀዋ እማዬ፣ ፊልም ልትሠራ ነው! ሮጬ እንጨት አመጣሁና አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ማማሰል ጀመርኩ።

"ብዙ ኮከብ ነው የምንሠራው?"

"አዎ" አለች። "ብዙ።"

ጥቁሩ እንደ ወተት ስልባቦት እየተላጠ ተነሳ። ሳፋው ውስጥ ግራጫ ነገር ይንሳፈፋል። እማዬ በባዶ እጇ እያሸች ታጥበዋለች፤ እጇ ቀልቶ፣ በኋላ ቆዳው ተላጠ። ውሃውን ሽንት ቤት ደፋችው። ፊልሙን ሦስቴ አለቅልቃ ሽቦው ላይ መልሳ ሰቀለችው፤ እንደ መስታወት ጠርቷል፣ ግድግዳው ወዲያ ማዶ ይታያል።

"ሲያምር!" አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ። እማዬ እንዲሁ በየምክንያቱ የምትስም ሴት አይደለችም።

ፈታሽ ቤታችን አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም።

የቶሌራን አስከሬን ግን ፊልሙን ባጠበችበት ዕለት ከሰዓት አመጡት። አዴ ወርቅቱ ሆስፒታል ለሆስፒታል ስትፈልገው አድራ ነበር። ጩኸቱ ከሰፈሩ ታች ሲጀምር እማዬ እጇ ገና በረኪና ይሸት ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ዱሬቲ ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በባጃጅ መጣች። አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ሮጬ ወገቧን ያዝኳት።

"ዱሬቲ! እማዬም ፊልም ሠራች! ያንቺን ሁሉንም በረኪና ነከርነው! ሁሉም ኮከብ ሆነ!"

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ክፍሏ ገባች። ስትወጣ የጠራው ፊልም እጇ ላይ ተጠምጥሟል። እማዬ የማድቤቱ በር ላይ ቆማ ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች።

"እትዬ ጥሩነሽ…"

"ለልጄ ብዬ ነው" አለች እማዬ። "ቃለአብ አለበት። መንገድ ላይ ሲሮጥ፣ እጁን አንስቶ። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ዱሬቲ። ከነቶሌራ ጋር።"

ዱሬቲ አፏን ከፈተች። እማዬን አየች፤ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። አፏን መልሳ ዘጋች።

"እሺ" አለች። "እሺ፣ እትዬ ጥሩነሽ።"

ሥራችንን የወደደችው መሰለኝ። መናገር የምትችለውን ነገር ዋጥ አድርጋ እማዬን እንደማረቻት ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ከቀብሩ በኋላ አዴ ወርቅቱ ጥቁር ለብሳ ግቢያችን መጣች። እማዬ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች፤ እኔ አጠገቧ ነኝ። አዴ ወርቅቱ ቁጭ በይ ብትባልም አልተቀመጠችም።

"ዱሬቲ፣ ልጆቹን በካሜራ አንስተሽ ነበር አሉኝ። ልጄ አለበት?"

ዱሬቲ ክፍሏ በር ላይ ነበረች፤ በሩን ከኋላዋ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

"ማሎ ዱሬቲ፣ አንዴ ብቻ አሳዪኝ። እኔ ቤት ያለው የስምንተኛ ክፍል ፎቶው ነው፤ እሱም ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። ዓይኑን የገለጠበት የለኝም።"

"ተበላሸብኝ፣ አዴ ወርቅቱ" አለች ዱሬቲ። "በእኔ እጅ ነው የተበላሸው። ይቅር ይበሉኝ።"

"ተበላሸ?"

"አዎ።"

"ውሃውን፣ ቅጠሉን፣ ምናምኑን ስታስቀምጪ ኖረሽ፣ የእኔን ልጅ ማስቀመጥ አቃተሽ?"

አልተበላሸም፣ ኮከብ ነው የሆነው ልል አፌን ስከፍት እማዬ ትከሻዬን ያዘችኝ። አጥንቴ እስኪያመኝ ድረስ ጨመቀችኝ። ልትነሳ ፈልጋ የተደገፈችኝ መሰለኝና ጸንቼ ቆምኩላት። እሷ ግን አልተነሳችም።

በዚያው ሰሞን ምሳ ላይ ነው። ቃለአብ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ አወራ።

"እማዬ፣ ዱሬቲ ያን ቅዳሜ ምን እንዳሠራችን ታውቂያለሽ? 'ንፋስ ያዙልኝ' አለችን። አንሶላ ሰጠችን። እጃችንን ወደ ላይ አድርገን፣ አንሶላውን ዘርግተን ቁልቁለቱን ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሩጫ። ንፋሱ አንሶላውን ነጠቀንና ቶሌራ እንዴት እንደሳቀ! ባዶ እጁን እንዳነሳ ሲሮጥ…"

"መቼ ነው እሱ?" አለች እማዬ።

"በጾሙ ነዋ። ከፋሲካ በፊት። ምነው?"

"ከፋሲካ በፊት?"

"አዎ። ጨዋታ እኮ ነው።"

እማዬ የጎረሰችውን እንደያዘች ተነስታ ወጣች። ጓሮ ስታስመልስ ሰማኋት። ምስሩ የተበላሸ መስሎኝ የእኔን ሳህን ገፋ አደረግኩት።

በሚቀጥለው እሁድ ጽዷ ሥር ቆመች።

ከዚያ ወዲህ እማዬ የአዴ ወርቅቱ ቤት ሰው ሆነች። ውሃ በጠፋ ቀን በጄሪካን ተሸክማ ትሄዳለች። ግድግዳዋን ትለስናለች፤ ስትታመም አጠገቧ ታድራለች። አዴ ወርቅቱ ጴንጤ ናት፤ እማዬ ደግሞ ማርያም ሳትል ውሃ የማትጠጣ ናት። ሰዉ "ጥሩነሽ ጻድቅ ናት፣ ሃይማኖት ሳትለይ" ይላል። እንዲህ ባሏት ቁጥር "ተዉኝ፣ አትበሉኝ" ብላ ትቆጣ ነበር። ትሕትናዋ ነው ብዬ እኮራባት ነበር። እቀናም ነበር፤ የእኔን ዩኒፎርም ሳታጥብ የአዴ ወርቅቱን ጋቢ ታጥባለች።

"ጥሩዬ፣ ኮቱ፣ ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ እንጂ" ትላታለች አዴ ወርቅቱ። "ሠራተኛዬ ነሽ እንዴ?"

እማዬ እየተቀመጠች አፏን ትከፍታለች። ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ ታወራለች።

ዱሬቲ ክረምቱ ሳይወጣ ለቀቀች። ማንም ውጪ አላላትም፤ እማዬ ናት በገዛ ግቢዋ ማለፍ ያቃታት። እኔ ግን እኛ ኮከብ ካደረግነው ሌላ የቶሌራ ፊልም ኖሮ እሱን ስላበላሸች የተባረረች መስሎኝ ስትሄድ ደህና ሁኚም አላልኳት።

ጊንጪ ገባች፤ ከዚያ አዲስ ዓለም፤ ከዚያ ካቺሲ። ማሽኗን አውቶብስ ጣሪያ ላይ እያስጫነች፣ የትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ እያደረች፣ የከብት ጠባቂና የነጋዴ ልጅ ሰብስባ ፊልም ታስጭራለች። ያገባችም የወለደችም አይመስለኝም። ቃለአብ አሁን ካቺሲ አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹን ሁሉ በእሷ እጅ አሳልፏል።

አምና ከፋሲካ በኋላ ዱሬቲ ለእማዬ ደወለችላት። "አምቦ ፊልም ላሳይ ነው፣ እትዬ ጥሩነሽ። ካልመጡ አላሳየውም" አለቻት። እማዬ ስልኩን እንደዘጋች ነጠላዋን አነሳች።

"ቤተ ክርስቲያን ነሽ?" አልኳት።

"አይ። ወርቅቱን ላምጣት።"

አዳራሹ ውስጥ እማዬ መሀል ሆነች፤ አዴ ወርቅቱ በቀኟ፣ እኔ በግራዋ። ከፊታችን ኦቦ ኤጄታ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል እንጂ ምላሳቸው አላረጀም። መብራቱ ጠፋ። ማሽኑ መንጣጣት ጀመረ።

ግድግዳው ነጣ። ነጩ ላይ የተጫረ በሬ መጣ፤ እግሮቹ አምስት ናቸው። የጊንጪ ልጆች። የገበያ ጥላ መጣ፣ እየተሽከረከረ፤ የካቺሲ ልጆች። የአዲስ ዓለም ማርያም ጉልላት መጣ፣ እየተንቀጠቀጠ። በሥዕልና በሥዕል መሀል ግን ረጅም ነጭ አለ። ምንም የሌለበት ነጭ። የሁላችንም ፊት በእሱ በርቷል።

"ዛሬም ተዋናዩ አልመጣም" አሉ ኦቦ ኤጄታ። ሰው ሳቀ።

ዱሬቲ ከማሽኑ ኋላ ሆና ተናገረች። ድምጿ ጎርንኗል። "ይሄ ፊልም ድሮ ሌላ ፊልም ነበር። ልጆች ነበሩበት። በእኔ እጅ ተበላሸ። ባዶውን መጣል ስላልቻልኩ በየሄድኩበት ልጆች እንዲሠሩበት…"

"በእሷ እጅ አይደለም" አለች እማዬ።

ጮክ ብላ አይደለም። ወደ አዴ ወርቅቱ ዞራ ነው።

"ምን አልሽ ጥሩዬ?"

"በእኔ እጅ ነው። በረኪና ውስጥ የዘፈዘፍኩት እኔ ነኝ። ልጄን ይይዙብኛል ብዬ። ያንቺም አብሮ ነበረ። አውቄ ነው፣ አይቼው ነው።"

ማሽኑ ይንጣጣል። ያን ጊዜ ሳፋው፣ እንጨቱ፣ ግንባሬን የሳመችኝ፣ ትከሻዬን የጨመቀችው፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። እጇን ልይዝ ፈልጌ ነበር፤ እጇ ግን ጭኗ ላይ ተዘርግቶ፣ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ አዴ ወርቅቱን ነው የሚጠብቀው።

አዴ ወርቅቱ ለረጅም ጊዜ ነጩን ግድግዳ አየች። ተነስታ የምትወጣ መሰለኝ። ጥለቷን ሰብስባ ጨበጠች፤ ለቀቀችው።

"አየሁት ነው ያልሽው?" አለች።

"አዎ።"

"የኔን ልጅ?"

"ወደ ፀሐይ አንስቼ። አንድ በአንድ።"

"ንገሪኛ።"

"ወርቅቱ…"

"ስንት ዓመት ቤቴ ስትመጪ ይሄን ይዘሽ ነው የምትመጪው? ንገሪኝ እንጂ! ምን ይመስላል?"

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች።

"ፊልሙ ገልብጦ ነው የሚያሳየው" አለች። "ፊቱ ነጭ ነው፣ ጥርሱ ጥቁር። ሰማዩም ጥቁር። ሹራቡን ወገቡ ላይ አስሯል። ከቃለአብ ይቀድማል። እጁን እንዲህ፣ ሁለቱንም አንስቷል።"

"ዓይኑስ?"

"ገልጦታል።"

"እሺ።"

"አፉን ከፍቷል። ያን ጊዜ የሚጮህ መስሎኝ ነበር።" ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች። "ይስቃል፣ ወርቅቱ። እየሳቀ ነው።"

ግድግዳው ነጭ እንደሆነ ነው። አዴ ወርቅቱ እሱን ነው የምታየው፤ አንድ ነገር እንደሚታያት ሰው ዓይኗን አጥብባ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ዱሬቲ እግሩን አቅርባ አንስታዋለች። አቧራው ይነሳል። የግራ ጫማው ክር ተፈትቶ ይጎተታል።"

አዴ ወርቅቱ ጉልበቷን በመዳፏ መታችው።

"ስንት ጊዜ ነገርኩት!" አለች። "ስንት ጊዜ!"

እማዬ ደነገጠችና ንግግሯን አቋረጠች። አዴ ወርቅቱ ያንን የተዘረጋ እጅ ሳታየው በዳበሳ ያዘችውና ወደ ራሷ ጎተተችው።

"ቀጥዪ" አለቻት።